ማርቆስ ወይስ እንጅባራ? ጎጃም ደጋው ላይ ለማረፍ ከሁለቱ አንዱን መምረጫ

በዓል ሲቃረብ ወይ የሳምንት እረፍት ሲገኝ ከአዲስ አበባም ከውጪም ያሉ ዘመዶች የሚጠይቁት አንድ ነው፣ "አየር ልቀይር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ልረፍ ወይስ እንጅባራ?" ይላሉ። ማርቆስ ያደገውን ብትጠይቁት ማርቆስ ይላችኋል፣ የእንጅባራውን አዊ ብትጠይቁት እንጅባራ ይላችኋል፣ በዛው ክርክር ይጀመርና እናንተ ያለ መልስ ትቀራላችሁ። ሁለቱም ደጋ ናቸው፣ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ማታ ጋቢ ያስደርባሉ። ከፍታቸውም ቢሆን ብዙ አይራራቅም፣ ማርቆስ 2,446 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጅባራ 2,560 አካባቢ። ስለዚህ በብርዱ ወይ በአየሩ ልምረጥ ካላችሁ አይሆንላችሁም።

ፈረንጆቹ ለስኪ (በረዶ ላይ ለመንሸራተት) የተራራ ከተማ ሲያማርጡ ከሚጠይቁት ዋናው "ጠዋት ከአልጋዬ ተነስቼ ተራራው ጋ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅብኛል" የሚለው ነው። እኛ ስኪ የለንም (ከማርቆስ በላይ ያለው ጮቄ ተራራ ላይ የሚወርደው በረዶ ገብስ ያረግፋል እንጂ አያንሸራትትም) ግን ጥያቄው ለኛም በደንብ ይሰራል። ከተማው ማደሪያችሁ ነው፣ የምትመርጡት ጠዋት ተነስታችሁ የምትሄዱበትን ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማስኬደው።

1. መጀመሪያ መንገዱን ጠይቁ፣ ሆቴሉን በኋላ

ይሄን ሳልል ሌላውን ባወራ ዋጋ የለውም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ያለው ሁኔታ የሚታወቅ ነው፣ አንድ ሳምንት ሰላም የሆነ መንገድ በሚቀጥለው ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ሰው ጋ ደውሉ፣ አንዱ እዛው ከተማው የሚኖር ሰው፣ ሌላው በዛ መስመር የሚሰራ ሹፌር። የከተማው ሰው "ኧረ ሰላም ነው ና" ሊላችሁ ይችላል ምክንያቱም እሱ ሰፈሩን ነው የሚያውቀው፣ ሹፌሩ ግን የቱ ጋ ኬላ እንዳለ፣ ከስንት ሰአት በኋላ መኪና እንደማያልፍ፣ ባጃጅና ሞተር ተከልክሎ እንደሆነ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ ከተስማሙ ጥሩ። አንዱ ካመነታ ጉዞውን ግፉት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ከሁለቱ ከተሞች ውጪ ያለውን መንገድም ለየብቻ ጠይቁ። ዋናው አስፋልት ክፍት ሆኖ ወደ ጮቄ የሚወጣው ወይ የዓባይ መነሻ ወዳለበት ወደ ሰከላ የሚገባው ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማርቆስ ደርሳችሁ ሆቴል ውስጥ ቡና ስትጠጡ ትውላላችሁ ማለት ነው።

2. ቀናችሁን ምን ላይ ልታሳልፉት ነው?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የማርቆስ ትልቁ ነገር ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ፣ ሙጋ፣ ጨሞጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ የምንላቸው ወንዞች ሁሉ ከሱ ነው የሚነሱት፣ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ዓባይ ይገባሉ። ከማርቆስ ወደ ሰሜን በስናን ወረዳ ሮብ ገበያን አልፎ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄደው መንገድ ተራራውን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ እንደ ሰሜን ተራሮች በድንኳን ካላደርኩ የሚያስብል አይደለም፣ ጥሩ መኪና ካላችሁ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ማርቆስ ታድራላችሁ። እየወጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር መጀመሪያ ጤፉ ይቀራል፣ ከዛ ስንዴው፣ ከዛ ገብስና ድንች ብቻ ይሆናል፣ ከዛ አስታው ይመጣና በመጨረሻ ጓሳና ጅብራ። ጅብራ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ለሱ ብቻ መውጣት ይበቃል። ብርድ የማይገርመው ተክል ነው፣ ቅጠሉ ከታች ተሰብስቦ መሃሉ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ ያቆማል፣ አበባውን አንዴ ካወጣ በኋላ ይሞታል። ደርቆ የቆመውንና ለምለሙን ጎን ለጎን ነው የምታዩት። መሬቱ ደግሞ ረግረግ ነው፣ ከሩቅ ሳር የሚመስለውን ስትረግጡት ውሃ ጫማችሁ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ሸራ ጫማ አይሆንም።

አንድ የምታዝኑበትም ነገር አለ። እርሻው ወደ ላይ እየገፋ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ ሳይቀር ታርሶ አፈሩ በዝናብ ሲወርድ በአይናችሁ ታያላችሁ። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፣ ሌላ መሬት ከየት ያምጣ።

ሁለተኛው የማርቆስ ነገር ታሪኩ ነው። ከተማው ድሮ መንቆረር ነበር የሚባለው፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ራስ አዳል ተሰማን አፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሷቸው መቀመጫቸው እዚህ ነበር፣ ቤተ መንግሥታቸውም ከተማው ውስጥ አለ። በ1933 ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱም አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ማርቆስ ገብተዋል። ታሪክ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን በደንብ ይሞላል፣ ለማይወድ ሰው ግን ከአንድ ሰአት በላይ አይበቃውም፣ እውነቱን ለመናገር።

እንጅባራ ሌላ ነው። እዛ አንድ ትልቅ ነገር የለም፣ ብዙ ትንንሽና ቅርብ ቅርብ ነገር ነው ያለው። የመጀመሪያው ዘንገና ነው። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ገባ ስትሉ ጫካ አለ፣ ጫካውን አልፋችሁ ስትቆሙ ከስራችሁ ክብ ሐይቅ ታያላችሁ። በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ ነው ስለዚህ "ትንሽ ልዋኝ" የሚል ጎረምሳ ካላችሁ እጁን ያዙት። ዳሩ ቶሎ ነው የሚጠልቀው፣ እንደ ጣና ዳር ቀስ እያለ አይደለም። ጫፉን እየዞሩ መሄድ ይቻላል፣ አያት ሳይቀር አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ልታየው ትችላለች፣ እንጅባራን የምወድላትም ለዚህ ነው። ወደ ግምጃ ቤት በኩል ደግሞ ጥርባ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፣ የሱ ሰው ያንሳል።

ከዛ ግሽ ዓባይ። የዓባይ መነሻ ሰከላ ወረዳ ነው ያለው፣ መግቢያው ከእንጅባራ ብዙም ከማትርቀው ቲሊሊ ታጥፎ በሚገባው መንገድ ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ምንጩ ጠበል ስለሆነ በልታችሁ ብትሄዱ አትጠጉም፣ ካህናቱ ይጠይቋችኋል። ስለዚህ በጠዋት ሳትቀምሱ ነው የምትሄዱት፣ ምሳ ተቋጥሮ መኪና ውስጥ ይቆያል፣ ጠበሉን ጨርሳችሁ ወጥታችሁ ትበላላችሁ። ልጆች ካሉ ይሄንን ቀድማችሁ አስቡበት። አባቶችን ስታገኙም ካሜራ ከማውጣት በፊት መስቀል ተሳልሞ "አባ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?" ማለት ነው፣ አይፈቀድም ካሉ አይፈቀድም።

አካባቢው በአጠቃላይ አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡ ከማርቆስ ይበዛል፣ ቀርቀሃው እዚህም እዚያም አለ፣ አጥሩም ወንበሩም ቅርጫቱም ከቀርቀሃ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ አዊኛ ነው የሚያወራው፣ አማርኛ ሁሉም ጋ ያግባባችኋል።

እንግዲህ ባጭሩ፣ እግራችሁ ጠንካራ ከሆነና አንድ ትልቅ ቀን ከፈለጋችሁ ማርቆስ፣ ቀስ እያላችሁ በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ማየት ከፈለጋችሁ እንጅባራ። እዚህ ላይ መልስ ካገኛችሁ የቀረውን ለማረጋገጫ አንብቡት።

3. በየትኛው ወር ነው የምትመጡት?

ክረምት (ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ) ወደ ጮቄ አትምጡ፣ አለቀ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙ ፊታችሁ ያለውን ሰው አያሳያችሁም፣ በረዶውም ይመታችኋል። እንጅባራም በክረምት ዶፍ ነው፣ ግን አስፋልቱ ዳር ያለውን ዘንገናን ዣንጥላ ይዞ ማየት ይቻላል፣ ብቻ ለእረፍት የሚመከር አይደለም።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ለሁለቱም ምርጡ ጊዜ ነው፣ አደይ አበባው፣ የጤፉ ማሳ፣ ወንዙ ገና ሙሉ ነው። የማርቆስ ሜዳ በጥቅምት ሲታይ ሌላ ነገር ማየት አያስፈልግም የሚያሰኝ ነው።

ጥር ከሆነ ግን ሚዛኑ ወደ እንጅባራ ይደፋል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ዕለቱም ጊዮርጊስ ነው፣ አድዋም ይታሰብበታል። ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልመው፣ ፈረሰኛው ዘንግ ይዞ፣ ሲጋልቡ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በቴሌቪዥን ያያችሁት ምንም ማለት አይደለም። ጣጣው ግን አልጋ ነው፣ በዛ ሰሞን እንጅባራ አልጋ የለም፣ ያለውም ዋጋው ሌላ ነው። ከወር በፊት ካልያዛችሁ ዳንግላ ወይ ቡሬ አድራችሁ በጠዋት መምጣት ይሻላል። ጥር ውስጥ ሌሊቱ ውርጭ አለው፣ ሁለቱም ጋ።

ሑዳዴ ውስጥ ለምትመጡ፣ ሥጋ ፍለጋ ከሆነ ቤታችሁ ቆዩ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰሞን ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ የትም ብትገቡ ትበላላችሁ።

4. ማን ነው አብሯችሁ ያለው?

አዛውንት፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይ አስም ያለበት ሰው ካለ እንጅባራ። ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ትንሽ ለምዶታል፣ ከባሕር ዳር የመጣ ግን (ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት) ሃያ እርምጃ ሄዶ ሊያለከልክ ይችላል፣ ራስ ምታትም አለ። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውሃ መጠጣት፣ ማታውን አረቄ አለመጠጣት። ራስ ምታቱ ካልተወና ማስታወክ ከመጣ መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው፣ "ትንሽ አርፌ እቀጥላለሁ" የሚባል ነገር የለም።

ጓደኛሞች ብቻ ከሆናችሁ ማርቆስ፣ ምክንያቱም ከተማው ሰፋ ይላል፣ ዩኒቨርሲቲ ስላለበት ማታ የሚቀመጡበት ቤት አይጠፋም። እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላት ግን ከተማዋ በጊዜ ነው የምትተኛው።

5. የምታድሩባቸውን ሌሊቶች ቁጠሩ፣ ከዛ መንገዱን ቀንሱ

ብዙ ሰው "አራት ቀን አለኝ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከአራቱ ሁለቱ መንገድ ላይ እንደሚያልቁ አያስብም። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከማርቆስ እንጅባራ ወደ 150 ይጨመራል። ከባሕር ዳር ለሚነሳ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለምሳ ይደርሳል፣ ማርቆስ ግን 265 ገደማ ነው።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ በመኪና መጥታችሁ ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ማርቆስ፣ ክርክር የለውም። ሦስትና ከዛ በላይ ካላችሁ ከሁለቱ የፈለጋችሁት ይሆናል። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ወርዳችሁ ከሆነ እንጅባራ። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ላዳርስ ለምትሉ፣ አምስት ሌሊት ከሌላችሁ አትሞክሩት፣ መኪና ውስጥ ነው የምትከርሙት። ካላችሁ ግን በመጀመሪያ እንጅባራ ሂዱና ስትመለሱ ማርቆስ እደሩ፣ በዚህኛው አቅጣጫ ሰውነታችሁ ደጋውን ከለመደ በኋላ ነው ጮቄ የምትወጡት።

6. አልጋ በስልክ ስትይዙ

"ሙቅ ውሃ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም "አለ" ነው የሚለው። እንደዚህ ጠይቁ፦

"ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ ለአርብና ቅዳሜ ሁለት አልጋ ፈልጌ ነበር።"
"አለ፣ ይምጡ።"
"መብራት ሲጠፋ ሻወሩ ሙቅ ውሃ ይሰጣል?"
"ጄኔሬተር አለን።"
"ጄኔሬተሩ ቦይለሩንም ያስነሳል ወይስ አምፖል ብቻ ነው?"
"እ... አምፖል ነው፣ ግን ውሃ አሙቀን በባልዲ እናመጣልዎታለን።"

በባልዲ የሚመጣ ሙቅ ውሃ ምንም ችግር የለውም፣ ዋናው ማወቁ ነው። ከዛ ብርድ ልብስ ስንት እንደሚሰጡ (ሁለት ጠይቁ)፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ያድር እንደሆነ፣ ከክፍሉ ስር ሙዚቃ ቤት ካለ ደግሞ እስከ ስንት ሰአት እንደሚጮህ ጠይቁ። ጠዋት 12 ሰአት ለመውጣት ካሰባችሁ ቁርስ በዛ ሰአት እንደማይደርስ እርግጠኛ ሁኑ፣ ማታውን ዳቦና የተቀቀለ ድንች አስቋጥሩ። ቀብድ በቴሌብር ወይ በባንክ ከላካችሁ ደረሰኙን ስክሪንሾት አርጉ፣ የተቀበለችውን ልጅ ስምም ጻፉ፣ ስትደርሱ ሌላ ሰው ነው የምታገኙት።

7. መኪና፣ ብር፣ ልብስ

ዘንገና በባጃጅም በሚኒባስም ይደረሳል፣ ረዳቱን "ዘንገና አውርደኝ" ማለት ነው። ግሽ ዓባይ ከቲሊሊ የሚገባ የሕዝብ መኪና አለ ግን መመለሻውን ጠይቃችሁ ግቡ። ጮቄ ግን ከፍ ያለ መኪና ነው የሚፈልገው፣ የራሳችሁ ከሌለ ማርቆስ ላይ ኮንትራት ትይዛላችሁ። ኮንትራት ስትዋዋሉ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ነዳጁ በማን ነው፣ ላይ ስንት ሰአት ይቆያል፣ መንገድ ተበላሽቶ ቢመለስ ስንቱን ትከፍላላችሁ። ነዳጅ ወረፋ የሚፈጅበት ጊዜ ስላለ ማታውን ተሞልቶ ይደር፣ ጠዋት "እቀዳለሁ" የሚላችሁ ሹፌር አራት ሰአት ላይ ነው የሚመጣው፣ አራት ሰአት ላይ የተነሳ ሰው ደግሞ ጮቄ ሲደርስ ጉም ይቀበለዋል።

ተራራው ላይ የአካባቢውን ልጅ አብራችሁ ያዙ። መንገዱንም፣ ረግረጉንም፣ የገበሬውን ውሻም የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሰላምታውንም እሱ ያስቀድምላችኋል። ስትሄዱ ዝም ብላችሁ ማሳ አታቋርጡ፣ ገበሬ ስታገኙ "እንዴት ዋላችሁ፣ አዝመራው እንዴት ነው" በሉ፣ ቢያንስ ቆሎ ሳይዘግኑላችሁ አትለፉም።

ኔትወርክ ከጠፋ ቴሌብሩም ባንኩም የለም፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር በኪሳችሁ ይኑር። ልብስ ላይ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ከመያዝ ስስ ስስ የሆነ ሦስት መደረብ ይሻላል፣ ዝናብ የማያስገባ ነገር ከላይ፣ ለማታ ደግሞ ጋቢ። ጋቢው በጃኬት አይተካም፣ ይሄ የኔ ጭፍን አስተያየት ነው።

8. እስካሁን ካልወሰናችሁ

ጅብራውንና ዘንገናን ጎን ለጎን አስቡና አንዱን ብቻ ነው የምታዩት ብትባሉ የቱ እንደሚቆጫችሁ ጠይቁ፣ እሱን ያዙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ለሚመጣ ሰው እንጅባራ፣ ጎጃምን ለሚያውቅና ሰውነቱን ለሚተማመንበት ሰው ማርቆስ።

የምትመለሱት ወደ አዲስ አበባ ከሆነ የዓባይ በረሃን አስቡበት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደጋ ወርዳችሁ ቆላ ትገቡና እንደገና ትወጣላችሁ፣ ከታች በጃፓን እርዳታ የተሰራው የሕዳሴ ድልድይ አለ፣ አሮጌውም አጠገቡ ነው። ሲሚንቶና ነዳጅ የጫነ መኪና ይበዛበታል። ከማርቆስ በጠዋት ተነሱና ቁልቁለቱን በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረዱት፣ ማስታወክ የሚያስቸግረውን ልጅ ከፊት አስቀምጡት፣ ጃኬቱን ደጀን ላይ አስወልቁት፣ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ መልሶ ይለብሰዋል።